ከመስታወቱ ወዲህና ወዲያ

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም ይባላል። ባለስቱዲዮው ግን የሰው ቂም የሚታየው ሰውየው ሲጮህበት ብቻ ነበር። ዝም ያለውን ሁሉ የረሳ ይመስለው ነበር።

ስቱዲዮው የሚስቱ ነው፤ ከአባቷ የወረሰችው። እሱማ የገባበት ሁለት ሸሚዝና አንድ ምላስ ይዞ ነው። ሥራው ለፊልም ተዋንያን ድምፅ ማልበስ፣ ክፍሉም ሁለት፣ መሀሉ ወፍራም መስታወት። ከወዲህ ማሽኑና እሱ፣ ከወዲያ ማይክሮፎኑና ጉሮሮ።

ጉሮሮ ያላት እሱ ነው። ሴትዮዋ ስም አላት፤ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ግን በስሟ ጠርቷት አያውቅም።

የስቱዲዮው እንጀራ የምትባለው ተዋናይት አፏን እስክትከፍት ድረስ ቆንጆ ናት። ስትናገር ግን የዛገ መዝጊያ! ስለዚህ በፊልሙ መልኩ የእሷ፣ ድምፁ የጉሮሮ ነው። ይሄ ደግሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ተዋናይቷ ካሜራ ፊት የተጻፈላትን ትታ የመጣላትን ትዘባርቃለች። ጉሮሮም እሷ ስታለቅስ አልቅሳ፣ ስትሮጥ አለክልካ፣ ቃሉን ልክ በልክ ታለብሳታለች።

ዓምና ሽልማት መጣ። እሱም ለድምፅ! ተዋናይቷ መድረክ ወጣች፤ «ጉንፋን ይዟታል» ብሎ ባለስቱዲዮው ተናገረላት።

በማግሥቱ ጉሮሮ ጠየቀችው። «ጋሼ፣ ስሜ እንኳ ፊልሙ መጨረሻ ላይ ቢጻፍ?»

«ጉሮሮ ደግሞ ስም አለው እንዴ?»

ሳቀ። እሷም ሳቀች። ከሰው ስታወራ ዓይን ዓይን አታይም፤ ዓይኗ አፍ ላይ ነው የሚያርፈው። እሱ ዓይን አፋርነት ነው ይላል። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ቀድማ እየገባች መስታወቱን በሻርፗ መወልወል አመጣች።

«በእርጅና ንጽሕና ጀመረሽ?» ብሎ ቀለደባት።

ሰውየውና ተዋናይቷ እንግዲህ በፊልም ብቻ አልነበረም የሚገናኙት። ስልክ የሚደውልላት ከማሽኑ ክፍል ነው። ግድግዳው በስፖንጅ የተለበጠ፣ በሩ ከተዘጋ ቢታረዱበት የማይሰማ። አንድ ቀን «ሐሙስ፣ ሐይቁ ዳር ሆቴል» አላት። ሐሙስ ዕለት ሆቴሉ በር ላይ ሚስቱ ቆማ ጠበቀችው።

አንድ ጣቷን አነሳች። «አንድ። ሦስት ስል በእነዚያ በሁለቱ ሸሚዞችህ ትወጣለህ።»

ደሙ ፈልቶ ስቱዲዮ ገባ። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ቴክኒሺያን አሥር ዓመት አብሮት የሠራ ሰው ነው። «አንተ ነህ ጓዳዬን የምትዘረግፍ!»

«ጋሼ፣ ልጆቼን ይንሳኝ!»

«ልጆችህን ይዘህ ጥፋ!»

ቀጥሎ ሐብል ገዛ፤ መኪናው ወንበር ሥር ደብቆ ለተዋናይቷ በስልክ ነገራት። የዚያን ዕለት ሚስቱ ሐብሉን አጥልቃ እራት ቀረበች።

«ሁለት» አለችና ወጡን አቀበለችው።

አሁን የፅዳት ሠራተኛዋ ከነባልዲዋ ተባረረች። ስፖንጁን አስቀደደ፣ ስልኩን ቀየረ፣ ጠረጴዛውን ገልብጦ ፈተሸ። ምንም የለም።

«ያን ሰው ባገኘው ምላሱን ነው የምቆርጠው!» አላት ለጉሮሮ።

«ይገባዋል ጋሼ» አለች፣ አፉን እያየች።

እሷንማ ማን ይጠረጥራታል? ከመስታወቱ ወዲያ፣ ጆሮዋ በማዳመጫ ተደፍኖ! «ቁልፌን ተጭኜ ካላናገርኳት ደንቆሮ ናት» ይል ነበር።

ዓርብ ዕለት አዲሱን ቴክኒሺያን ምሳ ብላ ብሎ አስወጣው። በሩን ቆለፈ። ጉሮሮን የሚያናግርበት የማሽኑ ቁልፍ መጥፋቱን ሁለት ጊዜ አይቶ ደወለ።

«የኔ እመቤት፣ ሰኞ አለቀ በይው። የውክልናውን ወረቀት ከሌላው ጋር ደባልቄ አስፈርማታለሁ። ኩራቷ ነው መሰለኝ፣ መነጽር አድርጋ አታነብም። ከዚያ ስቱዲዮውን ሸጠን እብስ!»

ጉሮሮ ከወዲያ ለብ ያለ ውሃዋን ፉት እያለች አረፍ ብላለች። ደስ ስላለው እጁን አወዛወዘላት። እሷም አወዛወዘችለት።

ሰኞ ጠዋት ሚስቱ መጣች። መነጽር አድርጋለች። በእጇ ትንሽ ቦርሳ፣ ቦርሳው ውስጥ ሁለት ሸሚዝ።

«ሦስት» አለችው። «በል እብስ!»

ለመነ፣ ማለ፣ ወለሉ ላይ ተንበረከከ። እሷ በላዩ አልፋ ጉሮሮን በስሟ ጠርታ እንደምን አደርሽ አለቻት።

ሰውየው ቦርሳውን ታቅፎ ኮሪደሩ ላይ ቆመ። ያንን የድሮ ቴክኒሺያን አልለቀውም፣ ከገባበት ገብቼ እበቀለዋለሁ እያለ ጥርሱን ያፋጫል። ከኋላው፣ ሳይዘጋ በቀረው በር፣ የአዲሱ ቴክኒሺያን ድምፅ ይሰማል።

«እትዬ፣ ዛሬ ሥራ የለም። ከቀረጻው የመጣው ድምፅ ጠፍቷል፤ ተዋናይቷም እንደ ልማዷ የተጻፈላትን ትታለች። ምን እንዳለች በምን ይታወቃል?»

«ድምፁን ተወው ልጄ» አለች ጉሮሮ፤ «አፏን ብቻ አሳየኝ።»