ምድጃው ጠፍቷል?

ማክሰኞ ጠዋት ቤቱ በጭስ ታፈነ። ልጁ ከሳሎን እያሳለ ሮጦ ምድጃውን አጠፋ፤ መስኮቱንም በረገደው። ድስቱ ውስጥ የነበረው ወተት ከሰል ሆኗል። እናቱ ከኋላው ደርሰው መጀመሪያ ድስቱን፣ ቀጥሎ እሱን አዩ።

«እኔ ነኝ፣ ልጄ። ጥጄው ረሳሁት» አሉ።

ሰባን ያለፈ ሰው ቢረሳ አይፈረድበትም። የሚያስፈራው እህቱ ናት።

ታላቅ እህቱ ነርስ ናት። የቤቱ ቁልፍ አላት፤ ወደ ሥራ ስትሄድም ሆነ ስትመለስ ብቅ ሳትል አታልፍም። ያን ጠዋትም መጣች፤ የተቃጠለው ወተት ሽታ ገና በሩ ላይ ተቀበላት። እናቷን ወደ መተላለፊያው ሳብ አድርጋ ማንሾካሾክ ያዘች። ልጁ ጆሮውን ጣል አደረገ። ከከተማ ወጣ ብሎ ጥሩ የመንከባከቢያ ማዕከል አለ፣ ቦታም ተገኝቷል፣ ሌላ ድስት ካረረ ከዚህ በላይ አልታገስም ትላለች።

«እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም» አሉ እናቱ።

ልጁ የሰማው በቃው። እናቱ በገዛ ቤታቸው ሊቆዩ የሚችሉት ሌላ ድስት ካላረረ ብቻ ነው።

ሥራው ፕሮግራም መጻፍ ነው። ከመኪናው አደጋ ወዲህ መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ሰጥቶታል። የተሰበረው እግሩም የጭንቅላቱ ቁስልም ከዳኑ ሰንብቷል፤ ተመለስ ያለው ግን የለም። እሱም እናቱን ማየት ስላለበት አልጠየቀም።

መፍትሔው ቻት ቦት ነው ብሎ ወሰነ። ትልቅ ነገር አያስፈልግም፤ ሼል ስክሪፕት የሚባል የሠላሳ መስመር አጭር ፕሮግራም ይበቃል። ቦቱ በየሰዓቱ እናቱ ስልክ ላይ «ምድጃው ጠፍቷል?» ብሎ ይጽፋል፤ «አዎ» እስኪባል ይነዘንዛል። ልጅ ሲነዘንዝ ያስጠላል፣ ቦትን ግን ማንም አይቀየመውም።

ቴሌቪዥኑ ሥር ያለችውን ትንሽ ኮምፒውተር ሲከፍት እንዲህ ያለ ቦት ቀድሞ ተጭኖባት አገኘ። አጻጻፉ የራሱ ነው፤ መቼም ጀምሮ የተወው ሥራ ተቆጥሮ አያልቅም። ማታ መብራት ሄዶ ስለነበር ቦቱ ቆሟል። አጠገቡ ከሁለት መቶ በላይ የቆዩ ቅጂዎች ተደርድረዋል፤ ድሮም የሙከራ ፋይል መጣል አይሆንለትም። እንግዲህ ከዜሮ ከመጫን ያለውን ማደስ ይቀላል። መብራት ሲመለስ ቦቱ በራሱ እንዲነሳ አደረገ። የተቀባዩ ቁጥር የራሱ ስልክ ነበር፤ ለሙከራ የገባ ይሆናል ብሎ አጠፋውና የእናቱን ጻፈ።

እናቱ ሻይ ይዘውለት መጡ።

«ዛሬ ቶሎ ጨረስክ» አሉት።

ደስ አለው። ሻዩን ፉት ብሎ ጭሱን ከላዩ ሊያጥብ ወደ መታጠቢያ ቤት ገባ።

ፀጉሩን እያደራረቀ ሲወጣ ስልኩ ጮኸ። «ምድጃው ጠፍቷል?» ይላል። እናቱ ስልክ ላይ መድረስ የነበረበት መልእክት ነው። ተንደርድሮ ስክሪፕቱን ከፈተ። የተቀባዩ ቁጥር ተመልሶ የእሱ ሆኗል።

ደሙ ፈላ። እሱ ሲታጠብ ቤት ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። እናቱ የስልካቸውን ድምፅ ለመቀነስ እንኳ እሱን ነው የሚጠሩት። እህቱ ግን ሆስፒታል ውስጥ ቀኑን ሙሉ ከኮምፒውተር ጋር ነው የምትውለው። መልእክቱ ለእናቱ ካልደረሰ ድስቱ ያርራል፤ ድስቱ ካረረ ደግሞ ምክንያት ተገኘ ማለት ነው። በገዛ እህቱ ላይ እንዲህ ማሰቡ ራሱ አመመው።

እህቱ ማዕድ ቤት ቆማ የጠቆረውን ድስት ትፈገፍጋለች።

«ቁጥሩን ለምን ቀየርሽው?» አላት።

እህቱ ወደ እሱ ሳይሆን አጠገቧ ወደቆሙት እናቷ ዞረች። «አልነካሁትም» አለች።

«እማዬን ከቤቷ ልታስወጫት ነው። ገብቶኛል።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። ጥፋተኛ ሰው እንዲህ ያደርገዋል ሲል አሰበ። እናቱ መሐል ገብተው ተዋት፣ ሥራ ይረፍድባታል አሉት። እህቱ እጇን ጠራርጋ ግንባሩን ሳም አደረገችውና ወጣች። መሳሟ ከነገሩ ሁሉ ይበልጥ አናደደው።

ከዚያ በኋላ አላመነታም። ቴሌቪዥኑ ሥር ያለችውን የትንሿን ኮምፒውተር የይለፍ ቃል ቀየረው፤ ፊደልና ቁጥር ደባልቆ አሥራ ሁለት አደረሰው። ቤት ውስጥ የሚያምነው አንድ ሰው ነው። ወደ እናቱ ጠጋ ብሎ በጆሯቸው ነገራቸው።

«እኔ ባልኖር አንድ ሰው ማወቅ አለበት። እሷ ግን እንዳትሰማ፣ እማዬ።»

«አልነግራትም» አሉ እናቱ።

ቁጥሩን ወደ እናቱ መለሰና ቦቱን አስነሳ። ወዲያው የእናቱ ስልክ ጮኸ። እናቱ መነጽራቸውን ፈልገው፣ በአንድ ጣት ፊደል እየለቀሙ «አዎ» ብለው መለሱ። ልጁ እፎይ አለ። ከጠዋት ጀምሮ ተወጥሮ የነበረው ሰውነቱ አሁን ዛለ። እናቱ ትራስ አመቻቹለትና ሶፋው ላይ ጋደም እንዲል ለመኑት፤ እምቢ ሊል አፉን ሳይከፍት እንቅልፍ ጣለው።

እናትየው ትንፋሹን ትንሽ አዳመጡና ትንሿ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው አዲሱን የይለፍ ቃል አንዲት ፊደል ሳይስቱ ጻፉ፤ ከዚያም እንደየቀኑ የራሳቸውን ቁጥር አጥፍተው የልጃቸውን አስገቡ፤ ሲነቃ ይህንንም፣ ጠዋት ራሱ የጣደውን ወተትም አያስታውስም።