ነጥቧ የምትቀርበት ደጅ

መካኒኩ ኑርዬ ከመሪው ሥር ተንጋሎ ገብቶ፣ መኪናዋ የት እንዳለች የሚናገረውን የጂፒኤስ ሽቦ በፒንሳ ያዘ። "ልቁረጠው?" አለ። ፈዲላ መልስ ከመስጠቷ በፊት ስልኳ ጮኸ። ባሏ ነበር፣ ከጅዳ። መኪናዋ ሐይቅ ከተማ፣ ጋራዥ ደጅ መቆሟን አይቶ መሆን አለበት።

መኪናዋን የላከላት እሱ ነው። ከላከላት ወዲህ ግን ቀን ሙሉ ስልኩ ካርታ ላይ በምትንቀሳቀስ ነጥብ ይከታተላታል፤ ሱሉላ ለምን ቆምሽ፣ ገበያ ምን አቆየሽ፣ እህትሽ ቤት ሁለቴ ምን አስኬደሽ ይላታል። ስድስት ወር ሙሉ ለእያንዳንዱ ስትመልስ ከረመች። ዛሬ ስልኩን አላነሳችውም።

"ከተቆረጠ በኋላ ምንድን ነው የሚያየው?" አለች።

"መኪናዋ መጨረሻ የነበረችበትን ቦታ። ነጥቧ እዚያው ትቀራለች።"

"አሁን ብትቆርጠው፣ እዚህ ጋራዥ?"

"አዎ፣ እኔ ደጅ።"

ፈዲላ ፒንሳውን ትንሽ አየችው። "እንግዲያው ተወው" አለች።

ኑርዬ ፈርታ የተመለሰች መሰለው። ከመሪው ሥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ "አብሽሪ እህቴ፣ ባልሽም እኮ ስለሚያስብልሽ ነው" አላት።

"ፒንሳህን ይዘህ ግባ" አለችው ሞተሩን እያስነሳች። "ውጫሌ፣ አባቴ ደጅ ስንደርስ ትቆርጠዋለህ።"

ኑርዬ በሩን እንደያዘ ቆመ። "አኩርፈሽ መውጣትሽ ነው?"

"አዎ" አለች። "ሽማግሌ የት እንደሚልክ እንዳይጠፋው።"