በብልቃጥ ያለ ጽጌረዳ

ሰኞ ጠዋት ሌላ ብልቃጥ ሻግቶ ተገኘ።

በውስጡ መኖር የነበረበት ቀጭን ሊጥ የመሰለ ቢጫ የጽጌረዳ ሕዋስ ነበር። አሁን ግን ላዩ ላይ ግራጫ ጭገር አብቅሏል።

«ፀጉር የሚያበቅል ቅባት እንሸጣለን አልን እንጂ፣ ብልቃጡ ራሱ ፀጉር ያብቅል መቼ አልን?» አለ የሟቹ የቅባት ቤት ባለቤት ወንድም።

ማንም አልሳቀም። እሱም አልሳቀም።

የቅባት ቤቱ ትንሽ ነው። ከፊት መሸጫ፣ መሐል ላይ የክሬም መቀመሚያ፣ ከጓሮ የሕዋስ ክፍል አለው። የሕዋስ ክፍሉን ያቋቋመው አሁን ቤቱን የምታስተዳድረው ሴትዮ ሟች ባል ነበር። ሊፈርስ ከተቃረበ ቤት አጥር ላይ ከበቀለች ጽጌረዳ ቅጠል ቆርጦ፣ ሕዋሷን በስኳርና በማዕድን ውሃ ማራባት ቻለ። ጭማቂው የፊት ክሬሙና የፀጉር ቅባቱ ውስጥ ይገባል። ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ሸሚዙ ሳይቀር እርጥብ ቅጠል ቅጠል ይል ነበር።

ያ አሮጌ ቤት ፈረሰ፤ ጽጌረዳዋም ከአጥሩ ጋር ሄደች። ባለፈው ክረምት ደግሞ ባልየው ሞተ። ከእጁ ሥራ ነፍስ ያለው ብልቃጦቹን በሚያወዛውዘው ማሽን፣ በመወዝወዣው ላይ፣ ሌት ተቀን የሚዞረው ሕዋስ ብቻ ነው። እሱ ካለቀ፣ ከየትም አይገኝም።

ሟቹ አንድ ጥብቅ ሕግ ነበረው። የብልቃጡ አፍ በፎይል ይሸፈናል፤ ፎይሉ የሚነሳውም የተጣራ አየር በሚነፍስበት የመስታወት ሣጥን ውስጥ ብቻ ነው። «ውጭ አንዴ ከተነፈሰበት አለቀለት» ይል ነበር።

ሴትዮዋ ቀማሚ ናት። የክሬም መድረስ አለመድረሱን በአፍንጫዋ ትለያለች። ሕዋስ ማራባት ግን አትችልም። ከቀብሩ በኋላ ከትልቅ ፋብሪካ የለቀቀች አንዲት ዝምተኛ ባለሙያ ቀጠረች።

«እታለም፣ ልንገርሽ» አለ የባሏ ወንድም ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ወንድሜ እያለ አንድም ብልቃጥ ሻግቶ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እሷ ከመጣች ወዲህ ግን በየሳምንቱ ነው። የድሮ አሠሪዎቿ ልከዋት ቢሆንስ? ከቤት ሌባ ማን ይጠብቃል?»

«ቀስ በል፣ ትሰማሃለች።»

«ትስማ!»

ሴትዮዋ ባለሙያዋን ልጅ ጠራቻት።

«ይሄ እንዴት ሆነ?»

«አላውቅም፣ እትዬ። እኔ ሳስቀምጠው ንጹሕ ነበር።»

«እኔም ጠዋት ጠዋት አያቸዋለሁ። ዓርብ ደህና ነበር። ሽታውም እንደ ወትሮው፣ እርጥብ ቅጠል።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት። አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው።

«ምን ልትዪ ነበር?»

«ምንም፣ እትዬ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠባይዋ ተለወጠ። ጠዋት ከሁሉም ቀድማ መግባት ጀመረች። ሴትዮዋ ወደ ሕዋስ ክፍሉ ስትመጣ ልጅቷ በእሷና በመወዝወዣው መሐል ትቆማለች፤ «ምን ልታዘዝ?» ትላለች፣ የክፍሉ ባለቤት እሷ የሆነች ይመስል። ጥግ ያለውን ቁም ሣጥኗንም ቆለፈችው። ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠለጠለች።

«ደግሞ ምን ይሆን የምትቆልፈው?» አለ የሟቹ ወንድም። «ምሳዋን እንዳንሰርቃት ነው?»

ሴትዮዋ ቁልፉን ከሩቅ አየችው። እንቅልፍ ግን አጣች።

ልጅቷ ሁለት ቀን ታመመችና ከሥራ ቀረች። ስትመለስ ክፍሉ ጸጥ ብሎ ነበር። መወዝወዣው ቆሟል። የቀሩት ብልቃጦች አንድም ሳይተርፍ ሻግተዋል። ሴትዮዋ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ታያቸዋለች።

ልጅቷ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

«ዛሬ ደህና ሆንሽ?» አለ የሟቹ ወንድም። «ሥራሽን ጨርሰሽ ነዋ የታመምሽው!»

«ኧረ በስመ አብ! እኔ አልነበርኩም እኮ!»

«ሻጋታውን ተክለሽ ነው የሄድሽው! እታለም፣ ፖሊስ ልጥራ?»

«ቆይ» አለች ሴትዮዋ።

«ምን እቆያለሁ? ወንድሜን ሁለተኛ ጊዜ እየገደለችው...»

«ዝም በል አልኩህ! ስማ።»

መወዝወዣው በቆመበት ክፍል ውስጥ አንድ ነገር በቀስታ ይጉረመረማል። ድምፁ የሚመጣው ከተቆለፈው ቁም ሣጥን ነበር።

«ክፈቺው» አለ የሟቹ ወንድም።

ልጅቷ ቁልፉን በመዳፏ ጨበጠች። «አልከፍትም።»

መዶሻ አመጣ። በሁለተኛው ምት ጓጉንቸሩ ወደቀ። ውስጥ፣ ከኋላ በተበሳ ቀዳዳ በገባ የኤሌክትሪክ ገመድ የሚሠራ ትንሽ መወዝወዣ ይዞራል። እላዩ ላይ አንድ ብልቃጥ ተቀምጧል። ሕዋሱ ቢጫ፣ ንጹሕ፣ ሕያው ነው።

ሴትዮዋ ከወለሉ ተነሥታ ብልቃጡን በሁለት እጇ አነሣችው።

«ሌባ!» አለ የሟቹ ወንድም። «የሌላውን ሁሉ አጥፍተሽ፣ አንዱን ለጌቶችሽ ልትወስጂ!»

«ከቤት አላወጣሁትም እኮ! ልሰርቅ ብፈልግ ምን ይዞኝ? ደበቅሁት እንጂ።»

«ከማን?»

ልጅቷ እሱን አላየችውም። እጆቿን ወደ ሴትዮዋ ዘረጋች።

«እትዬ፣ ይስጡኝ። እባክዎ። ሌላ የለም።»

«ከማን ነው የደበቅሽው?» ብሎ ጮኸባት። ከዚያ «እታለም፣ ትሰሚያታለሽ?» ብሎ ዞረ።

ሴትዮዋ ፎይሉን አንሥታ፣ የብልቃጡን አፍ አፍንጫዋ ሥር አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና የእርጥብ ቅጠሉን ሽታ በረጅሙ እየሳበች ነበር።