የኢላን ሚዛን

ሆዲያ ራቷን መቀነስ የጀመረችው ከሱኮት በዓል በኋላ ነው። መጀመሪያ ኮላው ቀረ፤ ቀጥሎ በአይብ የሚጋገረው ቡሬካስ፤ በመጨረሻ እናቷ ውዲቱ ሞልታ የምታቀርብላት ሰፊ ሳህን በትንሽ ሳህን ተተካ።

ውዲቱ ነገሩን በዝምታ ልታልፈው ሞክራ ነበር። የኮሌጅ ልጆች ሁሉ አንድ ሰሞን ይከሳሉ፣ አንድ ሰሞን ይወፍራሉ። ሆዲያ ግን የያዘችውን አትለቅም። ጠዋት ከትምህርት በፊት ናሓል ሀደራ ወንዝ ዳር ወርዳ ባሕር ዛፎቹ ሥር ትራመዳለች። ለፈተና እንኳ አታመሽም፤ “እንቅልፍ ያጣ ሰው ይወፍራል” ትላለች። ውሃዋን ትጠጣለች፤ ከዚያ ሚዛን ላይ ትወጣለች።

የውዲቱ አንጀት አረረ። እስራኤል ሳትመጣ፣ ጎንደር ሳለች፣ ሰው የሚከሳው ሲታመም፣ ሲራብ ወይም ሐዘን ሲገባው ነበር። እሷ ራሷ ኩላሊቷ ከደከመ ወዲህ፣ ደሟን የሚያጥበው ማሽን ላይ ተኝታ ውላ በመጣች ቁጥር መስታወት ትሸሻለች። አሁን ደግሞ ልጇ!

“ብይልኝ፣ ሆዲያዬ። አንዲት ጉርሻ ብቻ።”

“ኢማ፣ ዳይ! በቃኝ አልኩሽ።”

ጎረቤቷ ብርቱ ነገሩን ሰምታ ሳቀች። “አንቺ ደግሞ! ይሄማ የወንድ ነገር ነው።”

ብርቱ የተሳሳተች አይመስልም። በማግስቱ ሆዲያ መታጠቢያ ቤት ገብታ በስልክ ስታለቅስ ተሰማች። “ኢላን፣ እባክህ እስከ ፔሳሕ በዓል ታገሠኝ። እየሞከርኩ ነው። እምቢ እንዳትለኝ።”

ኢላን! አቶ የለ፣ ጋሼ የለ፤ ባዶ ስሙን ነው የጠራችው። እኩያዋ መሆን አለበት፤ የዚያው የኮሌጁ ጎረምሳ። ሴት ልጅ በኪሎ የሚመርጥ ባለጌ!

ውዲቱ ያን ቀን ቆረጠች። ሽታ የሌለውን የሱቅ ቅቤ ገዝታ፣ ልጇ ሳታያት ምስር ወጡ ውስጥ አቀለጠችው። ሾርባውም ውስጥ ጨመረች። ልጅቷ የምትበላው ትንሽ ከሆነ፣ ትንሿ ትርባት።

ሚዛኑ ቆመ። ሆዲያ ትራመዳለች፣ ውሃ ትጠጣለች፣ ሚዛኑ ንቅንቅ አይልም። አንድ ቀን መሬት ላይ ተቀምጣ ተንሰቀሰቀች። ውዲቱ በሩ ጋ ቆማ “እሰይ” አለች በሆዷ፤ ወዲያው አፈረች። እሷም በዚያ ሰሞን ከማሽኑ ስትመለስ ደረጃውን መውጣት እያቃታት ነበር። ስለ ራሷ ግን ማን አስቦ!

ሆዲያ በመጨረሻ ምግቧን በገዛ እጇ መቀቀል ጀመረች። ሚዛኑም ወረደ።

ፔሳሕ ሲቃረብ እየፈነደቀች መጣች። “ኢማ፣ ነገ ኢላን ሊያነጋግርሽ ይፈልጋል። ሥራ ቦታው ድረስ እንሂድ።”

ውዲቱ ሌሊቱን ሙሉ የምትናገረውን ስታሰላስል አደረች። ነጭ ቀሚሷን ለበሰች። ታክሲው ሆስፒታል በር ላይ ሲያቆም “ለካ የተማረ ነው” ብላ ተገረመች፤ ንዴቷ ግን አልበረደም።

ክፍሉ ውስጥ ትንሽ እንደጠበቁ፣ ጢሙ የሸበተ ሰው ገባ። ሆዲያ “ኢላን!” ብላ ከመቀመጫዋ ተነሣች።

ውዲቱ ዓይኗን ማመን አቃታት። ከእሷ የሚበልጥ ሽማግሌ! ተነሥታ፣ በተሰባበረ ዕብራይስጧ ጮኸችበት።

“ልጄ በሚዛን የምትወሰድ በግ አይደለችም! ብትወፍር ምን አለበት? ከነሥጋዋ ውሰዳት፣ አለዚያ ተዋት!”

ሰውየው ወደ ሆዲያ አየ፤ ሆዲያ አቀረቀረች። ከዚያ ወንበር ስቦ ውዲቱ አጠገብ ተቀመጠ።

“ውዲቱ፣ ወፍራም ሰው ኩላሊቱን ሲሰጥ ቀዶ ሕክምናው ለራሱ ያሰጋዋል” አላት ቀስ ብሎ፣ “አሁን ግን ልጅሽ ደርሳልሻለች፤ ከወራት በፊትም ትደርስልሽ ነበር፣ ክብደቷን ምን ይዞ እንዳቆመው አላወቅንም እንጂ።”