የጳጉሜ ልቅሶ

እናቴ በጳጉሜ ሞተች። እስከ እንቁጣጣሽ ብትቆይልን ኖሮ ለየቤቱ በየዓመቱ የሚሰፈረው አዲሱ የድምፅ ኮታ ይገባልን፣ አልቅሰን እንቀብራት ነበር።

የዘንድሮው አልቋል። በራችን ላይ የተሰቀለው ቆጣሪ ከቀላ ሰንብቷል፤ ከዚህ በኋላ ከቤታችን አንድ ጩኸት ቢወጣ የመንደሩ ሁሉ መብራትና ውሃ ይቆረጣል።

የጨረሰው ባሌ ሚልኪያስ ነው። ከአባቱ የወረሳት ስልሳ ሰባት ሞዴል ሙስታንግ መኪና አለችው። ቀለሟ እንኳ የድሮው ነው፤ በአገሩ ሁለተኛ የላትም ይላሉ። ዲስክ ፍሬን አስገባላት፣ ራዲያተሯን በትልቅ ቀየረላት፣ የደህንነት ቀበቶ ገጠመላት። ሁሉንም በብልሃት። ድምፅ የሚያፍን ማርሚታ ግጠምላት ስለው ግን፣ "ድምፅዋን ካፈንሽው ምን ቀራት? ቆርቆሮ!" አለኝ። ኮታው እስኪያልቅ ድረስ በየእሁዱ ግቢ ውስጥ ያስነሳት ነበር። እኛ ሳምንቱን ሙሉ ልጆቹን "እሽ!" እያልን በሹክሹክታ እንኖራለን።

ሬሳው ሲወጣ እህቶቼ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ። ታናሿ ደረቷን ልትመታ እጇን አነሳችና ቆጣሪውን አይታ መልሳ አወረደችው። የተሰማው የተሸካሚዎቹ ጫማ ብቻ ነበር።

ከቀብር መልስ አንድ የእድራችን ሽማግሌ መኪናዋን ዞረው ዞረው አዩና ወደ ሚልኪያስ ጆሮ ጠጋ አሉ።

"ስትነሳ ድምፅዋ ልዩ ነው ይባላል። እውነት ነው?"

ዝም ባለ ግቢ ሹክሹክታም ይሰማል። ሚልኪያስ አቀረቀረ። እኔ መለስኩላቸው።

"አዎ ጋሼ፣ ልዩ ነው። የእናቴ ልቅሶ ነው።"