የወይራ ቁልፎች

የመጨረሻዋን ቁልፍ ከትንሿ የእንጨት መፈልፈያ ማሽኑ ላይ ሲያነሳ ደረቱን ነፋ አደረገ። የኪቦርዱን የፕላስቲክ ቁልፎች አንድ በአንድ ነቅሎ በወይራ ተክቷቸዋል፤ ፊደሎቹን ማሽኗ በቀጭን ጥርሷ ቀርጻለታለች። እንዲህ ያለ የደረቀ ወይራ ከየት እንዳመጣ ሚስቱ ስትጠይቀው፣ «ዕድለኛ ነኝ» ብሎ አለፈ።

በዚያው ሳምንት የአማቱ የእትዬ ደብሪቱ ዘነዘና ጠፋ። ሠላሳ ዓመት ነጭ ሽንኩርት የወቀጡበት ነው። የሚኖረው በእሳቸው ግቢ ነውና፣ እሱም አልጋ ሥር ሳይቀር ጎንበስ ብሎ አብሮ ፈለገ። ሲደክመው፣ «ጎረቤታችን ዘርፌ ተውሳው እንዳይሆን፤ የወሰደችውን መች ትመልሳለች?» አለ።

እትዬ ደብሪቱ ነገር የሚያሳድሩ ሰው አይደሉም።

«በል ለእድሩ ዳኛ ማመልከቻ ጻፍልኝ» አሉና ወንበር ስበው ከጀርባው ተቀመጡ።

«አሁን?»

«እና መቼ? ሸጣው ስትጨርስ?»

ጻፈ። የወይራ ቁልፎቹ ቀጭ ቀጭ አሉ፤ የዘርፌን ስም እስከ አያቷ አሰፈረው። የከሰዓቱ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ኪቦርዱ ላይ አርፋለች፤ ጣቶቹም አልቧቸዋል። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርስ እትዬ ደብሪቱ አየሩን ሳብ አደረጉ። ተነሥተው በትከሻው በኩል አጎነበሱ፤ አፍንጫቸውን ወደ ቁልፎቹ አስጠግተው ደግመው አሸተቱ። ነጭ ሽንኩርት ሸተታቸው።

«ልጄ» አሉ ድምፃቸውን አለስልሰው፤ «የዘርፌን ስም አጥፋና የራስህን ጻፍበት።»