በማሩ ውስጥ የተገኘው ስኳር

እኔን የሚያታልል ባለማር ገና አልተወለደም። ክረምቱን አክስቴን ትብለጥን ላቦራቶሪ ውስጥ ሳግዛት፣ ሌባውን ከመሣሪያዋ ቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ። መሣሪያዋ ከጫማ ካርቶን አትበልጥም። ግን ማር በውሃ በጥብጠው ጠብታ ሲሰጧት፣ የተቀላቀለውን ሁሉ ለያይታ ለእያንዳንዱ ስክሪኑ ላይ ጉብታ ትሥልለታለች።

የዛሬው ባለማር ጋሽ ወልደየስ ይባላሉ። ማራቸው ውስጥ የሱቅ ስኳር ከተገኘ የንብ አርቢዎች ማኅበር ያባርራቸዋል። ገና ከመግባታቸው ዓይናቸውን ከፊቴ ላይ አልነቅል ሲሉ ጠረጠርኳቸው። ንጹህ ሰው እንደዚያ አያፈጥም።

አክስቴ ወጣ ስትል፣ እሳቸው ሳይመጡ የጀመርኩትን ስኳር የተነሰነሰበት ቦምቦሊኖዬን እየገመጥኩ ማሩን በጥብጬ በአንዱ ብልቃጥ፣ ለማነጻጸሪያ የሚሆነውን ንጹህ ውሃ በሌላው ሞላሁ። ጓንት አላደረግኩም፤ የጥፍር ቀለሜን ያበላሽብኛል።

አክስቴ ተመልሳ ማሩን ለመሣሪያዋ ስትሰጣት የሱቅ ስኳሩ ጉብታ ተራራ አክሎ ወጣ።

"አላልኩሽም? ስኳር ጨምረውበታል" አልኳት አክስቴን፣ እሳቸውም እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ጋሽ ወልደየስ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። አክስቴ ቀጥላ ንጹሁን ውሃ ለመሣሪያዋ ሰጠቻት። ያው ተራራ ወጣ።

"ውሃው ላይም የጨመሩበት እሳቸው ናቸው?" አለችኝ።

ጋሽ ወልደየስ ባርኔጣቸውን አድርገው ተነሡ።

"የኔ ልጅ፣ ስኳሩን እኔ ከገባሁ ጀምሮ እያየሁት ነው። አገጭሽ ላይ ነው።"